ለኮንዶሚኒየም ቤት የትኛው ክላይምበር ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41፣ ቁመቴ 1.78 ሜትር፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል፤ ስወጣ ግን ብዙም አይሰማኝም። ሩጫ ስለከበደኝ ለቤት የሚሆን ቨርቲካል ክላይምበር (ቆመው እጅና እግርን እያፈራረቁ ሽቅብ እንደሚወጡ የሚሠሩበት የስፖርት ማሽን) ልገዛ አስቤያለሁ። ያገኘሁት ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እዚህ ሱቅ ያለ ባለ ዘይት ሲሊንደር፣ ሌላው የሚታጠፍና 15 ኪሎ የሚመዝን፣ ሦስተኛው ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ልላክልህ ያለኝ ባለ ማግኔት፣ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው። የቤቴ ኮርኒስ ከፍታ 2.40 ሜትር ነው። ባለቤቴም ትጠቀምበታለች፤ እሷ 1.58 ሜትርና 60 ኪሎ ናት። የትኛውን ልውሰድ?»

ምላሽ፦

ባለ ሲሊንደሩን ይተዉት። ከቀሩት ሁለቱ ለእርስዎ ጉልበት የሚስማማው ባለ ማግኔቱ ነው። የሚታጠፈው ርካሽና ለጠባብ ቤት ምቹ ነው፤ ለባለቤትዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱኑ ይግዙ እል ነበር። ለእርስዎ ያልመረጥኩት ስላቃተው ወይም ስለሚሰበር አይደለም፤ ምክንያቱ ፍሬን የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ነገር ከጉልበት ሕመምዎ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ትንሽ ላብራራው።

በአብዛኞቹ የቤት ክላይምበሮች ሁለቱ ፔዳሎች በካቦ (በሽቦ ገመድ) እና በፑሌጃ (ካቦው በሚዞርበት ትንሽ ጎማ) የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። እጀታዎቹም ከፔዳሎቹ ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሰውነትዎ ባለበት ይቆያል፤ የሚመላለሱት እጅና እግርዎ ናቸው። አሁን ፔዳሎቹን የሚይዝ ምንም ፍሬን የለም እንበል። ሙሉ ክብደትዎን በአንዱ እግር ላይ ከጣሉ ፔዳሉ ዘጭ ብሎ ወርዶ መጨረሻው ላይ ይጋጫል። እንዳይጋጭ ሰውነት ሳያስበው ክብደቱን ለሁለቱም እግር ያካፍላል። ያን ጊዜ ወደ ላይ የሚመጣው እግርም እየታጠፈ ጭነት ይሸከማል ማለት ነው። እየታጠፈ ጭነት የሚሸከም ጉልበት የሚሠራው ሥራ ደግሞ ደረጃ ሲወርዱ የሚሠራውን ነው፤ እርስዎን የሚያምዎትን ማለት ነው። ፍሬን ሲኖር የሚወርደውን ፔዳል ማሽኑ ራሱ ይይዘዋል። ክብደትዎን በሚወርደው፣ ማለትም በሚዘረጋው እግር ላይ ማሳረፍ ይችላሉ፤ የሚመጣው እግር ባዶውን ይመጣል።

የሚታጠፉት ቀላል ማሽኖች ፈጽሞ ፍሬን አልባ ናቸው ማለቴ አይደለም። ፔዳሉ በቱቦላሬው (ባዶ የብረት ቱቦው) ላይ የሚንሸራተተው በላስቲክ ቦኮላ (ማንሸራተቻ ቀለበት) ወይም በትንንሽ ጎማዎች ስለሆነ የተወሰነ ፍትጊያ አለ። ይህ ፍትጊያ ግን አይስተካከልም። አዲስ ሲሆን ጠንከር ይላል፣ ቦኮላው ሲበላ ይላላል፣ አቧራ ሲገባበት ይነክሳል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልክ የሆነው ፍትጊያ 82 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስለማይበቃ ፔዳሉ ይሮጥበታል። ባለቤትዎ «ጥሩ ነው» ብለው እርስዎ «እግሬን ይነጥቀኛል» ቢሉ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

ሲሊንደሩ ፍሬን አለው፤ ችግሩ አይጸናም። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይሞቃል፣ የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የጀመሩበት የፍሬን ጥንካሬ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ የለም። ሲሊንደሩ ራሱ እጅ እስኪያቃጥል ሊግል ስለሚችል ልጅ ባለበት ቤት ሌላ ጣጣ ነው። ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ሲያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል። ግራና ቀኙ እኩል ስለማያረጁ አንዱ እግር ጠንካራ፣ ሌላው ላላ ይሆናል። መለዋወጫው የሚገዛው በጥንድ ነው፤ ልኩንና ጥንካሬውን የሚመጥን ጥንድ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

የማግኔቱ አሠራር ከሁለቱም ይለያል። ማግኔቶቹ ለሚሽከረከረው የብረት ጎማ ይቀርባሉ እንጂ አይነኩትም፤ የሚይዘው በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ነው። የማይነካካ ነገር አይበላም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ለመሥራትም የግድግዳ መብራት አያስፈልገውም። ማግኔቱን የሚያቀርበውና የሚያርቀው በእጅ የሚዞር ማስተካከያና ቀጭን ካቦ ነው፤ የሰዓቱ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። አንድ ልብ የሚሉት ድክመት ግን አለው፦ የማግኔት ፍሬን የሚጠነክረው ከፍጥነት ጋር ነው። ጎማውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ከፔዳሉ ፍጥነት በብዙ እጥፍ ካላፈጠነው ቀስ ብለው ሲረግጡ ልክ እንደ ፍሬን አልባው ይሮጣል። ስለዚህ ወንድምዎ ከመክፈሉ በፊት አንድ ሙከራ ያድርግ። ማስተካከያውን መጨረሻ ቁጥር ላይ አድርጎ፣ ሙሉ ክብደቱን በአንድ ፔዳል ላይ ቀስ ብሎ ያሳርፍ። ፔዳሉ ረግቶ፣ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ፈጅቶ ከወረደ ደህና ነው። ከወደቀ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው «8 የጥንካሬ ደረጃ» ጌጥ ነው።

ቨርሳክላይምበር የሚባለው የጂም ማሽን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የታወቀ ነው፤ ምሰሶው ከወለሉ በ75 ዲግሪ ያዘነበለ፣ እርምጃው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። ለስፖርት ክለብና ለሕክምና ማዕከል ድንቅ ነው። ለሦስተኛ ፎቅ ሳሎን፣ ያውም ሊፍት ለሌለው ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ፣ በክብደቱም በዋጋውም አልመክረውም።

ወደ እርምጃ ርዝመት እንምጣ፤ ብዙ ገዢ የማይጠይቀው ነገር ይህ ነው። የተለመደ የሕንፃ ደረጃ አንዱ እርከን ከ15 እስከ 18 ሳ.ሜ. ነው። ክላይምበር ላይ 40 ሳ.ሜ. የሚረግጥ ሰው ሁለት እርከን ከምናምን በአንዴ እየወጣ ነው። ጉልበት በጭነት ላይ ሆኖ በጣም ሲታጠፍ የጉልበት ሎሚ ጭኑ አጥንት ላይ ይጫናል፤ ደረጃ ሲወርዱ ብቻ የሚያመው ጉልበት ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ነው። ስለዚህ እርምጃውን በፈለጉበት ቦታ አሳጥረው መርገጥ የሚያስችልዎትን ማሽን ይምረጡ። በካቦ የተያያዙት አብዛኞቹ ይህን ያስችላሉ፤ በክራንክ፣ እንደ ብስክሌት ዙሪያውን የሚዞሩት ግን ርዝመታቸው የተቆረጠ ስለሆነ አያሳጥሩም። እርስዎ በ15 ሳ.ሜ. ይጀምሩ። ሦስት ሳምንት ያለ ሕመም ካለፈ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 25 ይለፉ። 30 ላይ ቢቆሙ ምንም አይቀርብዎትም። ቱቦላሬው ላይ ባለቀለም ፕላስተር ለጥፈው የፔዳሉን ከፍታ ምልክት ቢያደርጉ ሲደክምዎ እንኳ አይሳሳቱም።

አረጋገጡም ለውጥ ያመጣል። ተረከዝዎ ፔዳሉን ይንካ፤ በእግር ጣት ብቻ መቆም ባትንም ጉልበትንም ይጎዳል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጣት ያደነዝዛል። ፔዳሉ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. የሚረዝም ካልሆነ ለእርስዎ ጫማ ቁጥር ይጠባል። ጉልበቱ የሚያብጥ፣ የሚቆለፍ ወይም የሚከዳዎት ከሆነ ግን ማሽን መግዛቱን ያቆዩትና መጀመሪያ የአጥንት ሐኪም ይየው።

ኮርኒሱን በሚከተለው መንገድ ያስሉት። ፔዳሎቹ እኩል ሲሆኑ ከወለል ያላቸውን ከፍታ ይለኩ፤ ብዙዎቹ 35 ሳ.ሜ. አካባቢ ናቸው። በዚያ ላይ ቁመትዎን 1.78፣ የጫማ ሶል 3 ሳ.ሜ.፣ መተንፈሻ 15 ሳ.ሜ. ሲደምሩ 2.31 ሜትር ይመጣል። 2.40 ይበቃዎታል፤ ትርፉ ግን 9 ሳ.ሜ. ብቻ ስለሆነ የተንጠለጠለ አምፖል ሥር አይሆንም። እጅ ከራስ በላይ ሊወጣ ስለሚችል እጀታውን ዝቅ አድርገው ያስሩት፤ ከፍ ሲል ቡጢዎ ግንባርዎ ጋ ይድረስ፣ ከዚያ አይለፍ። ይህ ለኮርኒሱ ብቻ ሳይሆን ለትከሻም ይበጃል።

የወለል ጭነት አያስጨንቅዎ። እርስዎና ማሽኑ አንድ ላይ 112 ኪሎ ናችሁ፤ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ታች ያለውን ጎረቤት የሚረብሸው ፔዳሉ መጨረሻ ላይ ሲጋጭ የሚሰማው ድም ድም ነው፤ እሱም የፍሬን ጉዳይ ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ ግን ማሽኑ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ። ስፖንጅ የመሰለውን የዮጋ ምንጣፍ አይጠቀሙ፤ ስለሚሰምጥ ማሽኑን ያወዛውዘዋል።

ክብደትን በተመለከተ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ገደብ ከእርስዎ ክብደት ቢያንስ በሩብ ይብለጥ። ለ82 ኪሎ 103 እና ከዚያ በላይ ማለት ነው። የታወቀው ማክሲክላይምበር ገደቡ 240 ፓውንድ፣ ማለትም 109 ኪሎ ስለሆነ በዚህ ያልፋል። ሱቅ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፤ አይ.ኤስ.ኦ. 20957 (ለስፖርት ማሽኖች የወጣ ዓለም አቀፍ የደኅንነት መስፈርት) የሚል ጽሑፍ ካለ ይፈልጉ። ክፍል 8 ስቴፐርና ክላይምበርን የሚመለከት ነው፤ ኤች የሚለው ምድብ ለቤት፣ ኤስ የሚለው ለጂም የተሠራ ማለት ነው። ምልክቱ የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው ባይባልም፣ ምልክቱ ካለ ግን ቢያንስ አምራቹ ማሽኑ የሚፈተንበትን መስፈርት ያውቃል።

የሚታጠፈውን ለመግዛት ከወሰኑ፣ ወይም የወንድምዎ ጉዳይ ካልተሳካ፣ ሱቅ ሲሄዱ የስፖርት ጫማዎን አድርገው ይሂዱ። ቆመው የላይኛውን ጫፍ ይዘው ወደ ጎን ይግፉት፤ ከሁለት ሳ.ሜ. በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ብሎኖቹን አጥብቀው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ከጠበቀ በኋላም ከወዛወዘ መያዣው ቀጭን ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ፑሌጃውን ይዩ። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ካለው ደህና፤ ላስቲኩ በቀጥታ በብሎን ላይ የሚዞር ከሆነ ቶሎ ይበላል፣ ከዚያም ይጮኻል። ካቦው በላስቲክ የተሸፈነ የብረት ሽቦ ይሁን። የፔዳሉ መያዣ ከቱቦላሬው ጋር የተበየደበትን ቦታ በስልክ መብራት ይመልከቱት፤ ብየዳው ዙሪያውን የያዘ መሆን አለበት፣ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ አይግዙ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ይርገጡበት። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች። በመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉም ማሽን ጥሩ ነው።

ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ የእጀታው ማስተካከያ ወሳኝ ነው። በእናንተ መካከል 20 ሳ.ሜ. ልዩነት አለ። እጀታውን ለማውረድ ቁልፍ 13 ማንሳት የሚያስፈልግ ከሆነ ከሁለት አንዳችሁ በሳምንቱ መጨረሻ መጠቀም ታቆማላችሁ። የሚጎተት ፒን ያለው፣ ቀዳዳዎቹም ቁጥር የተጻፈባቸው ይሁኑ።

የማሽኑን ዋጋ በስክሪኑ አይመዝኑት። ክብደትዎን ሳይጠይቅ ካሎሪ የሚቆጥር ሰዓት የሚነግርዎ የእርምጃ ብዛትን በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ ነው። ማስታወቂያ «በ30 ደቂቃ 500 ካሎሪ» ቢልዎት ሒሳቡን ይሥሩት። በደቂቃ 16.7 ካሎሪ ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን 5 ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ በደቂቃ 3.3 ሊትር ኦክስጅን ያስፈልጋል። ስፖርት ያልለመደ የ41 ዓመት ሰው ይህን ለ30 ደቂቃ አይዘልቀውም። እውነተኛው ይህን ይመስላል፦ ጥሩ ፍሬን ባለው ማሽን ላይ እርምጃው 25 ሳ.ሜ. ሆኖ በደቂቃ 40 ጊዜ ቢረግጡ በደቂቃ 10 ሜትር ወጡ ማለት ነው። ለ82 ኪሎ ሰው ሙሉ ክብደቱን በሚወርደው ፔዳል ላይ ካሳረፈ 134 ዋት ይሆናል፤ ሰውነት ከሚያቃጥለው ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ስለሆነ በደቂቃ 8 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ራሱ ትንሽ አይደለም።

የአጀማመሩ ነገር፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ። 30 ሰከንድ ረግጠው 30 ሰከንድ ይረፉ። የልብ ምትዎን ጣሪያ በግርድፉ ለማወቅ ከ208 ላይ ዕድሜዎን በ0.7 አባዝተው ይቀንሱ፤ 179 ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ከ125 እስከ 143 መካከል ይቆዩ፤ መለኪያ ከሌለዎት አጭር ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር መቻልዎን ይዩ። እጅ ከፍ ብሎ የሚሠራበት እንቅስቃሴ በእግር ብቻ ከሚሠራው ይልቅ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እጀታውን አንቆ መያዝም ይጨምርበታል። ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር፤ ሲጀምርም እጀታውን ለሚዛን ያህል ብቻ፣ ደረቱ አካባቢ ይያዝ። ከሐኪም ጋር መነጋገሩ ለእርስዎም ለባለቤትዎም ካስፈለገ ከግዢው በፊት ይሁን። ወንድምዎ ለዕረፍት መጥቶ ማሽኑ ላይ ቢወጣ በሦስተኛው ደቂቃ ሲያለከልክ አይሳቁበት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ሲገጥሙት ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በጣት ብቻ ያስገቡ፤ ማሽኑ በአራቱም እግሩ ወለሉን ሲነካ ነው የሚጠበቀው። አንዱን ቀድመው ካጠበቁ ቱቦላሬው ይጣመምና ፔዳሉ በአንድ በኩል ይነክሳል። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በቁልፍ 13 ይጠብቃል፤ 20 ሳ.ሜ. የሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። ከዚያ በላይ ባዶ ቱቦላሬ ይጨፈለቃል። ሮንዴላ አይርሱ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ፤ ከዚያ በየወሩ። ዳዶው ውስጡ የላስቲክ ቀለበት ከሌለው ንዝረት ይፈታዋልና ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያድርጉበት፤ ቀዩን አይንኩት፣ በኋላ ሲፈልጉት አይፈታም።

ፔዳሉ የሚንሸራተትበትን ብረት በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በወር አንዴ የሲሊኮን ስፕሬይ ጨርቁ ላይ ነፍተው ያብሱት። ግራሶ አቧራ ሰብስቦ አሸዋ ወረቀት ይሆናል። የዛገ ብሎን ማላቀቂያው ስፕሬይም ያለውን ቅባት አጥቦ ይወስዳል፣ ለዚህ አልተሠራም። ካቦው ፑሌጃውን የሚዞርበት ቦታ ላይ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም አንድ ሽቦ እንኳ ከወጣ መጠቀም ያቁሙ፤ ሲበጠስ ቆመውበት ያሉትን ፔዳል ነው የሚለቀው። ሲጨርሱ ሁለቱን ፔዳሎች በማሰሪያ እኩል አድርገው ይሰሯቸው። በፔዳሉና በቱቦላሬው መካከል የልጅ ጣት ይገባል።

ለወንድምዎ የሚነግሩት ደግሞ ይህን ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎና የሦስቱ ጎን ድምር 158 ሳ.ሜ. ነው፤ ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሣጥን ደግሞ ትርፍ ከፍለው እንኳ ላይቀበሉት ይችላሉ። ስለዚህ ማግኔቱና ጎማው በአንድ ሣጥን፣ ቱቦላሬዎቹ በሌላ ይታሸጉ፤ ቱቦላሬው ረጅም ስለሆነ የመጠን ትርፍ ሊያስከፍል እንደሚችል ቀድሞ ይጠይቅ። ብሎኖቹ በየመገጣጠሚያቸው በፌስታል ተከፋፍለው ቁጥር ይጻፍባቸው። ስክሪኑ አዳፕተር ካለው ጀርባውን ያንብብ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ እዚህ በቀጥታ ይሰካል፤ 120 ብቻ ካለ በ220 ከሰኩት ይቃጠላልና ተመሳሳይ የውጤት ቮልት ያለው አዳፕተር እዚህ ይግዙ። ከማሽኑ ጋር ሁለት ትርፍ ካቦ፣ አንድ ቺንጋና አንድ ጥንድ ቦኮላ ይጨምርበት። በሻንጣው ጥግ የሚገቡ ናቸው፤ ለብቻቸው ማስመጣት ግን ራስ ምታት ነው።